ቧንቧ ፈላጊው

የሺሃረግ የባሏን ማሽን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስትሮጥ፣ የዕድሩ ሰዎች ወንበር የጫነውን ቫን በሩ ላይ ፓርክ ሲያደርጉ ሰማች። ማሽኑ እንደ ከዘራ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ የሰሐን ያህል ክብ ነገር አለው፤ ለመደበቅ አይመችም። ከማድረቂያው ጀርባ አቆመችው፣ ወደቀ። አነሳችው፣ አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ አጋድማ ያልታጠበ አንሶላ ከመረችበት። እጇ ላይ ጥቁር ጭቃ ቀረ። ባሏ ኃይለ መስቀል ጠዋት ተዝለፍልፎ ወድቆ የሞተበት የማኪኒ እርሻ ጭቃ ነው።

እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፣ ከዚያ ሳሎን ወጥታ እዬዬዋን ለቀቀችው። ለቅሶዋ የውሸት አልነበረም። የዕድሜዋን ግማሽ አብራው የኖረች ሴት ናት። ግን ምን ታድርግ፣ በለቅሶዋ መሀል እንኳ ጆሮዋ ጋራዡ ውስጥ ነበር። ወንዶቹ ለለቀስተኛ ቦታ ሲያስለቅቁ የዕድሩ ሊቀ መንበር ነጋሽ፣ "ይሄ ሁሉ የዛገ ሚስማር ምንድን ነው?" ሲል ሰማች። ልጇ ሩሐማ የአባቷ ዕቃ መሆኑን ነግራ ካርቶኑን ከእጁ ወሰደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይለ መስቀል ከሰኞ እስከ ዓርብ ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ይሄን አገር ያውቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ብረት የሚያሸተውን ማሽን ይዞ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ፣ ባለቤቶቹ በፈቀዱለት እርሻ ላይ ሲያዘግም ይውላል። ማሽኑ ሲጮህ ይንበረከክና ይቆፍራል። ያገኘውን አዝራርና ሚስማር፣ የጠመንጃ እርሳስና የፈረስ ዕቃ ቤት አምጥቶ፣ ዘመኑ የትኛው እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ይመረምራል። እንደሱ ያሉ ሰዎች ማኅበርም አላቸው፤ በየወሩ እየተሰበሰቡ ያገኙትን ይተያያሉ። ይሄን ግን ከሐበሻ ማንም አያውቅም። እንዳይታወቅ ያደረገችው የሺሃረግ ናት።

መደበቁ የጀመረው ውድነሽ የደወለች ቀን ነው። ውድነሽ እዚሁ ሳክሲ ከተማ ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ የምትኖር የጽዋ ማኅበርተኛዋ ናት፤ ክፋት የላትም፣ ግን ዓይኗ አያርፍም። ኃይለ መስቀልን ከመኪናዋ ሆና ባዶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጭቃ ሲቧጥጥ አየችው። "የሺዬ፣ ኃይሌ ደኅና ነው? ማለቴ… ቆርቆሮ እየለቀመ ነው እንዴ?" አለቻት። ቤተ ክርስቲያንም አንዳንዱ ሰው፣ ሰውዬውን ነካ ሳያደርገው አልቀረም እያለ መንሾካሾክ ጀምሮ ነበር። የሺሃረግ ፊቷ ጋለ። ሳታስበው፣ ለሲቲው የውኃ ቧንቧ ነው የሚያየው፣ ፓርት ታይም ይዞ ነው አለቻት።

ሥራ ውሎ ሲገባ ለኃይለ መስቀል ስትነግረው ከልቡ ሳቀ። እሷ እንደማትስቅ ሲያይ ሳቁን ተወና፣ "ንግሥት እሌኒም እኮ መስቀሉን ያገኘችው አስቆፍራ ነው" አላት፣ ሊያለዝባት።

"እሷ ንግሥት ነበረች፤ አንተ የፎርክሊፍት ሹፌር ነህ" አለችው።

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። ከዚያ፣ "ኦኬ፣ ቧንቧ ነው" አለ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ይኸው አሁን ያቺ ውሸት ቤቱን ሞላችው። ማኪኒ ለሲቲው ቧንቧ ሲያይ ነው የወደቀው ብላለች፤ ሌላ ምን ትበል። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ነጋሽ ነው። "በትርፍ ሰዓቱም ለከተማው የውኃ አገልግሎት በቅንነት ሲሠራ ቆይቶ፣ በሥራው ላይ ሳለ…" ሲል የሺሃረግ ሬሳው ፊት አንገቷን ደፋች። ሰው ሐዘን መሰለው። እሷ ግን መሬት ተከፍታ ከሱ ጋር ብትውጣት በወደደች።

ከቀብር መልስ ጋራዡ ጢም አለ። ቡናው በፔርሙስ ይዞራል፣ ምግቡ በአሉሚኒየም ትሪ ተደርድሯል፣ የሚገባው ሁሉ አፈሩን ገለባ ያድርግለት ይላል። ሴቶቹ ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ፤ አንዷ ልቡ ነው ትላለች፣ አንዷ ድካም ነው፣ በሁለት ሥራ ራሱን ገደለ ትላለች። ሁለት ሥራ የሚለውን ስትሰማ የሺሃረግ ለስላሳ ላምጣ ብላ ተነሥታ ትሄዳለች።

ከለቀስተኛው በዕድሜ የሚበልጡት እማማ አክሱማዊት ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከሰሜን የመጡ አሮጊት። ከዘራቸውን ተደግፈው ፎቶውን ሲያዩ ቆዩና፣ "ዕቃው የታለ?" አሏት። በሳቸው አገር ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ይወጣል፣ በርኖሱ ይወጣል፣ የፈረሱ ዕቃ ይወጣል፤ ሰው ያንን እያየ ነው የሚያለቅሰው። የሺሃረግም ታውቀዋለች። የአባቷ ለቅሶ ላይ ጠመንጃውን በሁለት እጇ ይዛ የወጣችው እናቷ ነበረች። ሄዳ ለፋሲካ የሚለብሰውን ሱፍ አምጥታ ከፎቶው አጠገብ ሰቀለችው። እማማ አክሱማዊት እጅጌውን ዳሰስ አደረጉና፣ "ይሄን ልጅ ይሄ ልብስ አያውቀውም" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሱፉ ላይ አንድም መጨማደድ አልነበረም።

ውድነሽ በበኩሏ ለመጣው ሁሉ ምስክርነቷን ትሰጣለች። በረዶ የጣለ ጊዜ ቧንቧዋ ፈንድቶ ግቢዋ ሲጥለቀለቅ፣ የውኃ መዝጊያውን የብረት ክዳን ሣር ውጦት የሚያገኘው ሰው ሲጠፋ፣ ኃይሌ ማሽኑን ይዞ ከች አለ። ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ብሎ እዚህ ጋ ቆፍሩ አለ፤ ክዳኑ እዚያው ነበር። "እንደሱ ያለ የቧንቧ ሰው ዳላስ አይገኝም" ትላለች እንባዋን እየጠረገች። የሺሃረግ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ኃይለ መስቀል ሊሄድ ሲነሣ ከመጋዘኑ ያመጣውን ቢጫ ሰደርያ ደርቦ ነበር፣ የሲቲ ሰው እንዲመስል። በሩ ላይ ቆሞ፣ "አምሮብኛል?" አላት። እሷም ሰደርያውን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጋ አስተካክላ ሸኘችው።

ወንዶቹን ያናደዳቸው ሌላ ነበር። ሰው ሥራ ላይ ሞቶ ሲቲው አበባ እንኳ አይልክም? ነጋሽ እኔ ራሴ ኮል አደርጋለሁ፣ ካስፈለገም ጠበቃ እንይዛለን አለ። የሺሃረግ ተዉት ምን ያደርጋል ብትል፣ አንቺ ሐዘንሽ ላይ ሁኚ፣ ይሄ የዕድሩ ሥራ ነው አሏት።  ነጋሽ ሲደውል እንዲህ የሚባል ሠራተኛ አልነበረንም ይሉታል። ከዚያ ኃይለ መስቀል መቃብሩ ሳይደርቅ ቀጣፊ ይባላል። እሷ በቀጠፈችው።

ሩሐማ ኩሽና ውስጥ ያዘቻት። የአባቷን መኪና ከነማሽኑ ከማኪኒ ነድታ ያመጣችው እሷ ናት።

"ማሚ፣ ዳዲ እኮ ምንም ባድ ነገር አልሠራም። ሶ ለምንድን ነው የምንደብቀው?"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"እኔ ለፍሬንዶቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ኩል ነው ይላሉ" አለች ልጅቷ፣ እንባዋ እየመጣ። የሺሃረግ ትሪ አንሥታ ሰጠቻት።

ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመጣባት ኃይለ መስቀል አንዲት ትንሽ መስቀል ቆፍሮ ያገኘበት ቀን ነው።

ያን ቀን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነበር የገባው። "የሺ፣ ነይማ እይ" ብሎ ጋራዡ ውስጥ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዳት። መጀመሪያ ነገሩ እንዲገባት ሚስማሮቹን አሳያት። ክቡ የቅርብ ጊዜ ነው። ጠፍጣፋው በማሽን የተቆረጠ ነው፣ ከሱ ቀደም ይላል። ይሄ አራት ማዕዘኑ ግን፣ አናቱ ላይ የመዶሻው ምት የሚታየው፣ አንጥረኛ አንድ በአንድ የቀጠቀጠው ነው። አዝራር ከሆነ ደግሞ ገልብጠው ጀርባውን ነው የሚያዩት፤ ዘመኑን የሚናገረው ጀርባው ነው። ይሄን ሁሉ ካስረዳት በኋላ ጋዜጣ ላይ ያስቀመጠውን ገለጠላት። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የናስ መስቀል ናት፣ አረንጓዴና ጥቁር ዝገት የለበሰች።

"ማንጠልጠያውን እይው፣ በጎን ነው የተበሳው። የጥንት አሠራር ነው። ቴክሳስን የእስፔን ንጉሥ ሲገዛት የነበረ ሊሆን ይችላል" አላት፣ ሰው የሚሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዝገቱ ሥር ክንዶቹ ላይ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ከተነበበ ዘመኑ ይታወቃል። ማኅበሩ እስኪሰበሰብ ማንም እንዳይነካው አላት። እስከዚያ ቀን ያገኘው ሁሉ የኋላ ዘመን ዕቃ ነበር፤ ይሄን ነበር የሚፈልገው። እሷ ግን በግማሽ ጆሮ ነበር የምትሰማው። ዓይኗ ጫማው ያስገባው ጭቃ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጽዋው እሷ ቤት ነበር። ሴቶቹ የሚገቡት በጋራዡ ነው። መስቀል ከዛገ ሚስማር ጋር ጋዜጣ ላይ ተጥሎ ሊያዩ ነው። ነውሩም ኃጢአቱም አንድ ላይ መጣባት። ከባርቤኪው ምድጃው አመድ ዝቃ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ እናቷ ለበዓል የናስ ዕቃ እንደምትፈትገው አድርጋ ፈተገችው። ወርቅ መሰለ። ሥዕሉ ፊት ቀይ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠችው፣ ሴቶቹም አንድ በአንድ ተሳለሙት። ደስ ብሏት ዋለች።

ኃይለ መስቀል ሲገባ አየው። አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደውና በአጉሊ መነጽሩ እያገላበጠ ሲያየው ቆየ። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታያት።

"አበራሽው" አላት ሲዞር።

"ቆሽሾ ነበር እኮ። መስቀል ነው።"

"እውነትሽን ነው" ብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ነገር አሳይቷት አያውቅም። አንድ ነገር እንዳበላሸች ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችውም። መጠየቅ ቀላል ነበር፣ አንድ ቃል ነበር፣ አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምታፍረው በዚህ ነበር።

በሣልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭቃ የለበሰ ፒክአፕ መጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ነጭ ባርኔጣ የደፋ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ ወረደ፤ ክንዱ ላይ ጃኬት ይዟል። "ይኸው ከሲቲው መጡ" አለ ነጋሽ፣ ወንዶቹም ኮታቸውን እየቆለፉ ተነሡ። የሺሃረግ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም።

ሽማግሌው ሲላስ ነው፣ ኃይለ መስቀል የወደቀበት እርሻ ባለቤት፣ የማኅበሩም ጓደኛው። አምቡላንስ የጠራው፣ እስኪመጣም ደረቱን ሲጫን የቆየው እሱ ነው። የሺሃረግ በስልክ ብቻ ነው የምታውቀው። ቀብሩን ሲጠይቃት ለቤተሰብ ብቻ ነው ብላው ነበር። አሁን መንገዱን ግራና ቀኝ የሞላውን መኪና አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ስለሱ ግን ምንም አልተናገረም፣ ነፍስ ይማር ብቻ አላት።

የሮጠችው ልትለምነው ነው። ሰዎቹ ሳይደርሱ እየተንተባተበች፣ እባክዎ ከከተማው የውኃ ክፍል ነኝ ይበሉልኝ፣ አለቃው ነበርኩ ይበሉልኝ፣ ኋላ አስረዳዎታለሁ አለችው። ቃሉ ለራሷ ጆሮ ቀፈፋት።

ሲላስ አልገረመውም። ይሄንኑ ኃይሌም ከዓመታት በፊት ለምኖት ነበር። "የቤተ ክርስቲያን ሰው ካገኘህ የቧንቧ ሰው ነው በል፣ ሚስቴ እንዳታፍር ብሎኛል" አላት።

ከዚያ ጃኬቱን ሰጣት። ሲወድቅ ከራሱ ሥር አጣጥፎ ያደረገለት ነው። ኪሱ ውስጥ መስቀሏ እንዳለች ነገራት፤ ኃይሌ እሷን ሳይዝ እርሻ ወርዶ አያውቅም።

"መስቀል ቆሽሾ ማየት የማይችሉት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?" አለ ፈገግ ብሎ። "ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ሌሎቹ እሱ የፈተገው ነው የሚመስላቸው።"

የሺሃረግ አልገባትም፣ እሱም አስረዳት። ማኅበሩ ፊት ሲቀርብ የእስፔኑን ዘመን ዕቃ የሚያውቀው ሰውዬ መልኩንም ማንጠልጠያውንም አይቶ፣ ያን ዘመን ይመስላል፣ ነገር ግን ጽሑፉ ተፍቆ ጠፍቷል፣ ዘመኑን ልነግራችሁ አልችልም አለ። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ሲል ኃይለ መስቀል እጁን አወጣ። እኔ ነኝ፣ አላወቅሁም አለ። ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ በየገናው አንዱ ተነሥቶ የብረት ማጽጃና የጥርስ ብሩሽ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠዋል፣ አዳራሹ ሁሉ ይስቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ሲላስ ይሄን የሚያወራት ባልሽ እንዴት ያለ ሰው ነበር ለማለት ነው። የሺሃረግ የመኪናውን በር ያዘች።

ነጋሽ ደርሶ ሽማግሌውን ፊት ለፊት ወንበር አስቀመጠው። ቡና ቀረበለት። ነጋሽ ቆሞ ሲቲው ዘግይቶም ቢሆን ሰው በመላኩ አመሰገነና ስለ ሟች ሥራ ጥቂት እንዲናገር ጋበዘው። ሲላስ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አሰበ። "ከመሬት በታች ያለውን እንደሱ የሚያገኝ ሰው አላየሁም" አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ ውድነሽም አላልኳችሁም በሚል ዓይን ዞር ዞር አለች። ነጋሽ ግን በዚህ አልበቃውም። ለጠበቃው ያስፈልጋል፣ ሲወድቅ የትኛው መሥመር ላይ ነበር የሚሠራው ብሎ ጠየቀ።

ሲላስ ባርኔጣውን እያዞረ ወደ የሺሃረግ አየ። ሰውም ወደሷ ዞረ።

እሷ ጃኬቱን ታቅፋ፣ ኪሱ ውስጥ መስቀሏን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር። ልሙጥ ናት፣ ምንም የላትም። ዝም ብትል ሲላስ እንደሚዋሽላት ገባት። ኃይለ መስቀል ሲያደርግ የኖረውን ሊያደርግላት ነው።

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። አንሶላውን ከላዩ ገፋ አድርጋ ማሽኑን አወጣችና፣ እናቷ የአባቷን ጠመንጃ እንደያዘችው በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰች።  ሱፉን አወረደች፣ ማሽኑን በቦታው ከፎቶው አጠገብ አቆመች። ጫፉ ላይ የማኪኒው ጭቃ ደርቋል።

"ኃይሌ ለሲቲው አንድም ቀን ሠርቶ አያውቅም" አለች። ማሽኑን በእጇ ነካችው። "በዚህ የድሮ ሰው የጣለውን ነበር የሚፈልገው። አዝራር፣ ሚስማር። የመቼ እንደሆነ ለማወቅ። የሞተውም ሲፈልግ ነው። ቧንቧ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አፍሬበት ነው።"

 ነጋሽ፣ "እኔ እኮ ሬሳው ላይ…" ብሎ ጀመረና ተወው፣ ቀስ ብሎም ተቀመጠ። ውድነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ "የኔስ ቧንቧ?" አለች።

"የአንቺንማ አገኘልሽ" አለች የሺሃረግ።

እማማ አክሱማዊት ተነሡ። ከዘራቸውን እያስቀደሙ ማሽኑ ጋ ደረሱና መያዣውን ዳሰሱ፤ የኃይለ መስቀል እጅ ያረፈበት ቦታ ፕላስቲኩ አልቆ ነጥቷል። "ዕቃው ይኸውና" አሉ። ከዚያ ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሡት፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው። የሺሃረግ ከሞተ ወዲህ ጆሮዋን ሌላ ቦታ ሳታደርግ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ውድነሽ ማሽኑ ሥር ተንበረከከች። ዕቃው እንዲህ ሆኖ እንግዳ ፊት መቆሙ አላስቻላትም መሰለኝ፣ የነጠላዋን ጫፍ እርጥብ አድርጋ ጭቃውን ልትጠርግ እጇን ዘረጋች። የሺሃረግ ጎንበስ ብላ እጇን ያዘቻት።

"ተዪው ውድነሽ" አለቻት። "አፈሩ ይቆይበት።"